ሁለቱን ቤት ያስታረቀው ሰው

(ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሁለት የተኳረፉ ወገኖችን ላስማማ ብሎ መሀል የሚገባ ሽማግሌ ዕጣው ብዙ ጊዜ ከሁለት አንዱ ነው። ዕርቁ ከሰመረ ወገኖቹ ተቃቅፈው ሲሄዱ እሱን ይረሱታል። ካልሰመረ ሁለቱም ይነሱበታል። ማርቲን ኦደርስኪ የሚባለው ጀርመናዊ የኮምፒውተር ሳይንቲስት ግን ሁለቱም ደርሰውበታል። ያስታረቃቸው ሐሳቦች ዛሬ ዓለም በብዛት በሚሠራባቸው የፕሮግራሚንግ ቋንቋዎች ውስጥ አብረው ይኖራሉ። እሱ ራሱ የሠራው የዕርቅ ቤት ግን እንደታሰበው አልሞላም። ከገቡትም መካከል እየተነጫነጩ የወጡ ብዙ ናቸው።

ጉዳዩ የሶፍትዌር ሰዎች የጓዳ ወሬ ሊመስል ይችላል። የባንክ ሒሳብ፣ የስልክ መተግበሪያና የመሥሪያ ቤት መዝገብ ሁሉ በፕሮግራሚንግ ቋንቋ በሚጻፍበት ዘመን ግን ቋንቋው ምን ይፈቅዳል፣ ምን ይከለክላል የሚለው ጥያቄ የባለሙያው ብቻ አይደለም። ከዚያም በላይ ታሪኩ ስለ ውሕደት ነው። የማይስማሙ የሚመስሉ ሁለት አስተሳሰቦች በአንድ ጣሪያ ሥር ሲኖሩ ሒሳቡን ማን እንደሚከፍል በግልጽ ያሳያል።

*

የመጀመሪያው ቤት ኦብጀክት ኦሬንትድ ይባላል። መነሻው ኦስሎ ነው። ኦሌ ዮሐን ዳል እና ክሪስተን ኒጎርድ የተባሉ ኖርዌያውያን በ1960ዎቹ የገሃዱን ዓለም አሠራር በኮምፒውተር አስመስለው ለማጥናት ሲሙላ የተባለ ቋንቋ ሠሩ። ሐሳባቸው ቀላል ነበር። ዓለም በነገሮች የተሞላች ናት፤ እያንዳንዱ ነገር የራሱ መረጃና የራሱ ተግባር አለው፤ ፕሮግራሙም እንዲሁ ይሁን። በ1970ዎቹ አላን ኬይና ባልደረቦቹ በካሊፎርኒያው የዜሮክስ ምርምር ማዕከል ስሞልቶክን ይዘው መጡ። ሲ ፕላስ ፕላስ ተከተለ። በ1995 ጃቫ ሲወጣ ይህ ቤት ኢንዱስትሪውን ጠቅልሎ ያዘ።

ሁለተኛው ቤት ፈንክሽናል ይባላል። የዘር ሐረጉ ከዛሬው ኮምፒውተር በፊት ይጀምራል። አሜሪካዊው የሒሳብ ሊቅ አሎንዞ ቸርች በ1930ዎቹ ላምዳ ካልኩለስ የተባለውን ሥርዓት ሠራ፤ ፈንክሽንን ብቻ ይዞ ማንኛውንም ስሌት መግለጽ የሚችል ሥርዓት ነው። ጆን ማካርቲ በ1958 በኤምአይቲ ሊስፕን ጀመረ። ሮቢን ሚልነር በ1970ዎቹ በኤደንብራ ኤምኤል የተባለውን ቋንቋ አበጀ። በ1990 ሀስኬል መጣ። ይህ ቤት ለብዙ ዘመን የተከበረ፣ ነገር ግን ከዩኒቨርሲቲ አጥር ብዙም ያልወጣ ቤት ነበር።

ልዩነታቸውን በእቁብ መዝገብ ማየት ይቻላል።

በመጀመሪያው ቤት አሠራር የእቁቡ ጸሐፊ መዝገቡን በመሳቢያው ቆልፎ ይይዛል። ማንም ሰው ደብተሩን አይነካም። የሚከፍል ለጸሐፊው ይከፍላል፣ የሚጠይቅም ጸሐፊውን ይጠይቃል። ገንዘብ በገባ ቁጥር ጸሐፊው የቀድሞውን ድምር ይሰርዝና አዲሱን ይጽፋል። ሥርዓት አለው፤ ኃላፊው ይታወቃል። መቶ እቁብ ቢኖር መቶ ጸሐፊ፣ መቶ መሳቢያ ይኖራል። ትልቅ ሥራ በክፍል በክፍል ተከፋፍሎ የሚያዘው በዚህ መንገድ ነው።

በሁለተኛው ቤት አሠራር ማንም ምንም አይሰርዝም። ገንዘብ ሲገባ ያለፈው ገጽና አዲሱ ክፍያ ተደምረው አዲስ ገጽ ይወጣል። አሮጌው ገጽ እንዳለ ይቀመጣል። ከአንድ ገጽና ከአንድ ክፍያ የሚወጣው ውጤት ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ዛሬም ነገም፣ እዚህም እዚያም። የተጠራጠረ ሰው ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ራሱ ማስላት ይችላል።

የመጀመሪያው አሠራር ጣጣ የሚታየው ሁለት ሰዎች በአንድ ጊዜ ሲከፍሉ ነው። አንደኛው ጸሐፊ ድምሩን 10,000 ብር ብሎ አንብቦ 500 ሊጨምር ሲል፣ ሌላው ረዳት ጸሐፊ ያንኑ 10,000 አንብቦ 300 ይጨምራል። አንዱ 10,500፣ ሌላው 10,300 ይጽፋል። በመጨረሻ የጻፈው ያሸንፋል፤ የአንዱ ገንዘብ ግን ጠፋ። በኮምፒውተርም የሚሆነው ይኸው ነው። ለዓመታት ችግሩ ብዙም አልጎላም፤ ምክንያቱም ፕሮሰሰሮች በየጊዜው እየፈጠኑ ይሄዱ ነበር፣ አንድ ጸሐፊም ይበቃ ነበር። በ2005 ገደማ ግን የአንድ ፕሮሰሰር ፍጥነት በሙቀትና በኃይል ፍጆታ ምክንያት ጣሪያ ነካ። አምራቾቹ በአንድ ቺፕ ላይ ሁለት፣ አራት፣ ስምንት አንጎል መደርደር ጀመሩ። በድንገት በየቤቱ ብዙ ጸሐፊ ሆነ። ከዩኒቨርሲቲ አጥር ያልወጣው ሁለተኛው ቤት የተፈለገው ያኔ ነው።

*

የጠቡ ሥር ግን ከዚህም ይጠልቃል። ፊሊፕ ዋድለር የተባለው የፈንክሽናል ቤት ሊቅ በ1998 አንድ የቆየ ችግር ስም አወጣለት፤ የኤክስፕረሽን ችግር ይባላል። በባንክ ምሳሌ እንየው።

አንድ ባንክ ሦስት ዓይነት ሒሳብ አለው እንበል፤ ቁጠባ፣ ተንቀሳቃሽ እና ብድር። ሦስት ሥራዎችም አሉ፤ ወለድ ማስላት፣ መግለጫ ማተምና ሒሳብ መዝጋት። ይህ ሠንጠረዥ ነው። ረድፎቹ የሒሳብ ዓይነቶች፣ ዓምዶቹ ሥራዎች ናቸው። የኦብጀክት ቤት ኮዱን በረድፍ ያስቀምጣል፤ ቁጠባ የሚመለከተው ሁሉ በቁጠባ ክፍል ውስጥ ይገኛል። ስለዚህ አራተኛ የሒሳብ ዓይነት መጨመር ቀላል ነው፤ አዲስ ክፍል መሥራት ብቻ ነው። አራተኛ ሥራ፣ ለምሳሌ ግብር ማስላት፣ መጨመር ግን የሁሉንም ክፍል በር ማንኳኳት ነው። የፈንክሽናል ቤት ደግሞ በዓምድ ያስቀምጣል፤ ወለድ የሚመለከተው ሁሉ በአንድ ፈንክሽን ውስጥ ነው። አዲስ ሥራ መጨመር ቀላል፣ አዲስ የሒሳብ ዓይነት መጨመር ግን ሁሉንም ፈንክሽን መነካካት ይሆናል።

እንግዲህ ማን ልክ ነው? ማንም። ነገ የሚለወጠው ዓይነቱ ይሁን ሥራው አስቀድሞ የሚያውቅ የለም። አንዱን ቤት ብቻ የመረጠ ሰው ስለ ነገ ቁማር ቆርጧል ማለት ነው። ሁለቱን በአንድ ቋንቋ የማገናኘት ጥማት የመጣው ከዚህ ነው እንጂ ከፋሽን አይደለም።

*

ኦደርስኪ ያደገው በሦስተኛ ሰው እጅ ነው። በ1989 በዙሪክ ዶክትሬቱን የሠራው በኒክላውስ ቪርት ሥር ነበር። ቪርት ፓስካልን የሠራ፣ በ1984 የቱሪንግ ሽልማት የተቀበለ፣ ዕድሜ ልኩን ቋንቋ ትንሽና ቀላል ይሁን ብሎ የኖረ ሰው ነው። ከእንደዚህ ያለ መምህር የወጣ ተማሪ ከጊዜ በኋላ ቋንቋ አወሳሰብክ ተብሎ መከሰሱ የታሪክ ቀልድ ነው።

ጃቫ ብቅ ባለበት ሰሞን ኦደርስኪና ዋድለር ተገናኙ። ሁለቱም የፈንክሽናል ቤት ሰዎች ነበሩ። ኢንዱስትሪው ግን ወደ ጃቫ እየነጎደ ነበር። ከመቆጣት ይልቅ የራሳቸውን ቤት ሀብት ወደ ጃቫ ለማስገባት ወሰኑ። በ1997 ያቀረቡት ሥራ ፒዛ ይባላል። ፒዛ በጃቫ ላይ ሦስት ነገር ጨመረ። አንደኛ ጄነሪክስ፤ የቁጥር ዝርዝርና የስም ዝርዝር እንዳይደባለቁ አስቀድሞ የሚቆጣጠር ሥርዓት ነው። ሁለተኛ ፈንክሽንን እንደማንኛውም ዕቃ ከእጅ ወደ እጅ ማቀበል። ሦስተኛ ፓተርን ማቺንግ፤ የመጣው ዕቃ ምን ዓይነት እንደሆነ ለይቶ ለእያንዳንዱ የሚገባውን ማድረግ።

የጃቫ ባለቤት የነበረው ሰን ማይክሮሲስተምስ ፒዛን አየ፣ ወደደም። ከሦስቱ ግን የፈለገው አንዱን ብቻ ነበር፤ ጄነሪክስን። ኦደርስኪና ዋድለር ከሰን ሰዎች ከጊላድ ብራካና ከዴቪድ ስታውታማየር ጋር ሆነው በ1998 ሥራውን አቀረቡ። አንድ ጥብቅ ሁኔታ ነበር፤ ቀድሞ የተጻፈ የጃቫ ኮድ አንድም እንዳይሰበር። መፍትሔው ማጥፋት ሆነ። ኮምፓይለሩ ዓይነቱን ከተቆጣጠረ በኋላ ፕሮግራሙ በሚሠራበት ሰዓት የዓይነቱ ምልክት ይፋቃል። አሮጌው ኮድ ልዩነቱን አያውቅም። በ2004 ጄነሪክስ ከጃቫ 5 ጋር ለዓለም ቀረበ። ኦደርስኪ የጻፈው ኮምፓይለርም ከዚያ ቀድሞ የጃቫ መደበኛ ኮምፓይለር መሠረት ሆኖ ነበር። በቢሊዮን በሚቆጠሩ መሣሪያዎች ላይ ያለው የጃቫ ኮድ በእጁ በኩል አልፏል ቢባል ማጋነን አይደለም።

የቀሩት ሁለቱስ? ፈንክሽንን ከእጅ ወደ እጅ ማቀበል በጃቫ የተፈቀደው በ2014 ነው። ከፒዛ 17 ዓመት በኋላ ማለት ነው። ፓተርን ማቺንግ በሙሉ ወርዱ የገባው በ2023 ከጃቫ 21 ጋር ነው። 26 ዓመት። በ1997 በአንድ የምርምር ወረቀት ላይ ተሠርቶ፣ ተፈትኖ፣ ሠርቶ የታየ ነገር የዓለም ፕሮግራመር እጅ ለመድረስ ይህን ያህል ፈጀ።

*

ኦደርስኪ ግን ያን ያህል አልጠበቀም። በ1999 በሎዛን ወደሚገኘው የስዊዘርላንድ ፌዴራል የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ፕሮፌሰር ሆኖ ሄደ። መጀመሪያ ፈነል የተባለ እጅግ ንጹሕና ትንሽ ቋንቋ ሞከረ። በንድፈ ሐሳብ ያማረ፣ ለሥራ ግን የማይመች ሆነ። ሁሉም ነገር ከጥቂት ጡብ መገንባት ሲኖርበት ተጠቃሚው ይደክማል። በ2001 እንደገና ጀመረ። በ2004 መጀመሪያ የወጣው ቋንቋ ስካላ ተባለ፤ ከባለቤቱ ፍላጎት ጋር የሚያድግ ቋንቋ ለማለት ነው። በጣልያንኛ ደግሞ ደረጃ ማለት ነው። ምልክቱም በዚያው በኢንስቲትዩቱ ካለ ጠመዝማዛ ደረጃ የተወሰደ ነው።

የስካላ ቁም ነገር ሁለት ዕቃ በሙጫ አለማጣበቁ ነው። የኦደርስኪ ውርርድ ሁለቱ ቤቶች ጠላት አይደሉም የሚል ነበር፤ የሚመልሱት ጥያቄ ይለያያል። የኦብጀክት ቤት የሚመልሰው "ይህ ሥራ የት ይኖራል? ኃላፊው ማን ነው?" የሚለውን ነው። የፈንክሽናል ቤት የሚመልሰው "ውጤቱ ከምን ይመጣል? እንዴት ይሰላል?" የሚለውን ነው። ሁለት የተለያየ ጥያቄ የሚመልሱ ሰዎች ደግሞ የግድ መጣላት የለባቸውም።

ስለዚህ በስካላ ውስጥ ፈንክሽን ራሱ ኦብጀክት ነው። ቁጥርም ኦብጀክት ነው። ኦብጀክቱ ደግሞ መለወጥ የለበትም፤ እንደማይሰረዘው የእቁብ ገጽ ተዘግቶ ሊቀመጥ ይችላል። የባንኩን ሠንጠረዥ በረድፍ ማስቀመጥ ለፈለገ መንገድ አለው፣ በዓምድ ለፈለገም አለው፤ ሁለቱን በአንድ ፋይል ውስጥ ማድረግም ይቻላል። ሁሉም በጃቫ መሠረት ላይ ስለሚሠራ ለዓመታት የተከማቸው የጃቫ ሥራ አይጣልም። ቤቱ አዲስ ነው፣ መንገዱ፣ ውኃውና መብራቱ ግን የነበረው ነው።

ሥራው ተወደደ። ትዊተር ከ2000ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የኋላ ሥርዓቱን ከሩቢ ወደ ስካላ አዛወረ። ሊንክድኢን ውስጥ የተወለደው ካፍካ በስካላና በጃቫ ተጻፈ። ከሁሉም የጎላው ግን ስፓርክ ነው። ማቴይ ዛሃሪያ በ2009 በካሊፎርኒያ በርክሊ ዩኒቨርሲቲ ሳለ የጀመረው ይህ ሥርዓት ግዙፍ ዳታን በመቶና በሺህ ኮምፒውተሮች ላይ አከፋፍሎ ያሰላል። ሺህ ኮምፒውተር ባለበት አንዱ ሁልጊዜ ይሞታል። ስፓርክ አይደነግጥም። የሞተው ኮምፒውተር የያዘው ውጤት ከየትኛው ገጽ፣ በየትኛው ስሌት እንደመጣ ስለሚያውቅ ለሌላ ኮምፒውተር ሰጥቶ እንደገና ያሰላዋል። ይህ የሚቻለው ገጾቹ ስለማይሰረዙ ነው። ያ የፈንክሽናል ቤት ስጦታ ነው። ሺህ ኮምፒውተሮቹን የሚያስተዳድረው፣ ማን ምን እንደሚሠራ የሚመድበው አደረጃጀት ደግሞ የኦብጀክት ቤት ሥራ ነው። ውሕደቱ በወረቀት ላይ ብቻ እንዳልሆነ ከዚህ በላይ ምስክር አያስፈልግም።

*

ችግሩ የመጣው እንግዶቹ ሲበዙ ነው።

ወደ ስካላ የገቡት ሁለት ዓይነት ሰዎች ነበሩ። አንዱ ወገን ጃቫ የሰለቸው ነው፤ የፈለገው አጠር ያለ፣ የተሻለ ጃቫ ነበር። ሌላው ወገን ሀስኬልን የወደደ ነው፤ መሥሪያ ቤቱ ሀስኬል ስለማይፈቅድለት ስካላን የሀስኬል መደበቂያ አደረገው። ሁለቱም በአንድ ቋንቋ ይጽፉ ነበር፣ የአንዱን ኮድ ሌላው ግን ማንበብ አቃተው። ቋንቋው ሁሉንም ስለሚፈቅድ እያንዳንዱ ቢሮ የራሱን ዘዬ ፈጠረ። ከአንዱ ድርጅት ወደ ሌላው የተዛወረ የስካላ ፕሮግራመር አዲስ ቋንቋ የሚማር ያህል ይለፋ ነበር።

በዚህ ላይ ኢምፕሊሲት የተባለው ጉዳይ አለ። ኮምፓይለሩ ፕሮግራመሩ ያልጻፈውን ነገር ከአካባቢው ፈልጎ ራሱ እንዲሞላ የሚያደርግ መሣሪያ ነው። በዐዋቂ እጅ ድንቅ ነው። ባልለመደ እጅ ግን አንድ መስመር ኮድ ከየት ምን አምጥቶ እንደሠራ ማወቅ የማይቻልበት ጭጋግ ይሆናል። በ2010 የወጣው አዲሱ የስብስቦች ላይብረሪ የአንዳንድ ፈንክሽኖችን መግለጫ በጣም ስላረዘመው ለብዙዎች የውስብስብነት ምሳሌ ሆነ፤ በ2019 እንደገና ተቃለለ። ኮምፓይለሩም ዘገምተኛ ነበር። አንድ ስሪት በሌላ ሲተካ የቀድሞ ላይብረሪዎች ሁሉ እንደገና መሠራት ነበረባቸው።

የኦብጀክት ቤት ሰዎች "ይህ የሒሳብ ክፍል ነው" አሉ። የፈንክሽናል ቤት ሰዎች በበኩላቸው "ንጹሕ አይደለም" አሉ። የኋለኞቹ ክርክር ቀላል አይደለም፣ በቀጥታ መመለስ አለበት።

ክርክሩ እንዲህ ነው። በሀስኬል አንድ ፈንክሽን መዝገብ የሚነካ ከሆነ በዓይነቱ ላይ መጻፍ አለበት፤ ካልተጻፈ ኮምፓይለሩ አያሳልፈውም። ስለዚህ አንባቢው መግለጫውን አይቶ ብቻ ይተማመናል። በስካላ ግን ማንኛውም ፈንክሽን በድብቅ መዝገብ ሊሰርዝ ይችላል። የሚከለክለው የጸሐፊው ጨዋነት ብቻ ነው። በሌላ አነጋገር፣ በአንዱ ቤት ስርዝ ድልዝ በሕግ የተከለከለ ነው፣ በሌላው በይሉኝታ። ይሉኝታ ደግሞ ሰዎች በሚተዋወቁበት ሰፈር ይሠራል፣ በማይተዋወቁበት ከተማ ይላላል። አምስት ሰው ያለው ቡድን በይሉኝታ ይተዳደራል፤ አምስት መቶ ሰው የሚጽፍበት ኮድ ግን ሕግ ይፈልጋል።

ይህ ክርክር ትክክል ነው። ስካላን ግን አያፈርሰውም፤ የውሕደቱን ዋጋ ይነግራል እንጂ። ሁለቱን የሚፈቅድ ቋንቋ የእያንዳንዳቸውን ሙሉ ዋስትና መስጠት አይችልም። ዋስትናውን ለምርጫ ለውጦታል።

*

እነዚህ ሁሉ ሲጨቃጨቁ ሌሎች ዝም ብለው ይሰበስቡ ነበር። ማይክሮሶፍት በ2007 የፈንክሽናል ሐሳቦችን በሲ ሻርፕ አስገባ። አፕል በ2014 ስዊፍትን ሲያወጣ ሁለቱንም ቤቶች አዋሕዶ ነበር። ጃቫም በዚያው ዓመት ላምዳን ተቀበለ። ጄትብሬይንስ የተባለው የሶፍትዌር ድርጅት ደግሞ በ2011 ኮትሊን የተባለ ቋንቋ አስተዋወቀ። ድርጅቱ የሚፈልገውን ሁሉ ያገኘው በስካላ ውስጥ እንደነበረ፣ የኮምፓይለሩ ዘገምተኛነት ግን እንዳላስቻለው በወቅቱ ተነግሯል። ስለዚህ ከስካላ የሚበቃውን ያህል ወሰደ፣ የከበደውን ተወ። ጉግል በ2017 ኮትሊንን ለአንድሮይድ ተቀበለ፣ በ2019 ደግሞ ቀዳሚ ምርጫው አደረገው።

የነገሩ ክር አዲስ አበባ የሚደርሰው እዚህ ላይ ነው። ኢትዮጵያ በ2024 ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ጋር በጀመረችው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና ውስጥ የአንድሮይድ መተግበሪያ ሥራ አንዱ ዘርፍ ነው። ዛሬ ወደ አንድሮይድ ሥራ የሚገባ ወጣት ኮትሊንን ሲከፍት ክላስ ይጽፋል፣ ወዲያው በሚቀጥለው መስመር ፈንክሽንን ለፈንክሽን ያቀብላል። አንዱ ከኦስሎ፣ ሌላው ከቸርች የሒሳብ ደብተር እንደመጣ አያውቅም። ማወቅም የለበትም። ዕርቅ ሰመረ የሚባለው ልጆቹ ጠቡን ሳያውቁ ሲያድጉ ነው።

ስፓርክም ቢሆን ሆዱ ስካላ ሆኖ ብዙ ተጠቃሚው ዛሬ የሚያናግረው በፓይተን ነው። ሐሳቡ አሸነፈ፣ ቋንቋው ግን በአንድ ጥግ ቀረ። ከሁለት ያጣ ማለት ይኸው ነው ብሎ የሚደመድም ይኖራል።

*

ድምዳሜው ግን ችኩል ነው። ምክንያቱም ቀስ በቀስ የመውሰዱም መንገድ የራሱ ዕዳ አለበት፣ ዕዳውም ዛሬ እየተከፈለ ነው።

ጃቫን ተመልከቱ። አንድ የጃቫ ዝርዝር መለወጥ የሚችል ይሁን የማይችል ከስሙ አይታወቅም። የማይለወጠውም ዝርዝር "ጨምር" የሚል ቁልፍ በፊቱ ላይ አለው፤ ቁልፉን የነካ ሰው ፕሮግራሙ በሚሠራበት ሰዓት ስሕተት ይደርስበታል። ለምን? አሮጌው ቤት የተሠራው ሁሉም ነገር ይለወጣል ተብሎ ስለነበረ፣ አዲሱ እንግዳ የአሮጌውን ልብስ መልበስ ነበረበት። ነል የተባለውን ባዶነትም ተመልከቱ። ቶኒ ሆር በ1965 ያስገባውና በ2009 በአደባባይ የቢሊዮን ዶላር ስሕተቴ ብሎ የተጸጸተበት ነገር ነው። ጃቫ ከፈንክሽናል ቤት የተሻለውን መፍትሔ ወሰደ፣ ነልን ግን ማስወጣት አልቻለም። አሁን ሁለቱ ጎን ለጎን ይኖራሉ፤ እንዲያውም መፍትሔው ራሱ ነል ሊሆን ይችላል። የጄነሪክስም መፋቅ ዛሬ ድረስ ፕሮግራመሮችን ያንገላታል፣ ስካላን ጨምሮ። ኦደርስኪ በ1998 ለዕርቅ ሲል የተቀበለውን ውል በራሱ ቤት ውስጥ ለሃያ ዓመት ሲከፍለው ኖረ።

እንግዲህ ምርጫው እንዲህ ነው። ከመሠረቱ የተዋሐደ ቤት ግድግዳው ስንጥቅ የለውም፣ ለመግባት ግን ይከብዳል፤ ነፃነቱም ሥርዓት ካልተበጀለት ወደ ዘዬ ይበታተናል። በጥገና የተዋሐደ ቤት ለመግባት ይቀላል፣ ማንንም አያስደነግጥም፤ ስንጥቁ ግን አይጠፋም፣ ዝናብ በመጣ ቁጥር ያፈስሳል። ሦስተኛ፣ ነፃ የሆነ መንገድ የለም። ሁለቱን በነፃ አዋሕዳለሁ የሚል ካለ ሒሳቡን ለኋለኞቹ አስተላልፏል ማለት ነው።

በሥራ ላይ ያሉ ብዙ ቡድኖች ከዚህ ሁሉ ጭቅጭቅ በኋላ የደረሱበት ልማድ ቀላል ነው። ስሌቱ የሚካሄድበት ውስጠኛው ክፍል ንጹሕ ይሁን፤ ማንም አይሰርዝ፣ ማንም በድብቅ አይጻፍ። ከውጭው ዓለም ጋር የሚገናኘው በር፣ ከዳታቤዝ፣ ከስክሪን፣ ከደንበኛ ጋር የሚነጋገረው ክፍል፣ ኃላፊ ይመደብለት፤ ለውጥ ካለም እዚያ ብቻ ይታይ። እቁቡ ጸሐፊም አለው፣ የማይሰረዝ ገጽም አለው። እያንዳንዱ በተመደበለት ቦታ ያዛል። ውሕደት የሚጸናው ሁሉም በየቦታው እንዳሻው ሲሆን አይደለም፤ የማን ድንበር የት እንደሆነ ሲታወቅ ነው።

ኦደርስኪም ትምህርቱን ወስዷል። በ2021 የወጣው ስካላ 3 አወዛጋቢውን ኢምፕሊሲት በግልጽ በሚነገሩ ቃላት ተካው፤ የሚሰጠው "ይህ ተሰጥቷል" ብሎ፣ የሚወስደውም "ይህን እጠቀማለሁ" ብሎ ይናገራል። ቋንቋው ያረፈበት የሒሳብ መሠረትም ከዚያ በፊት ተጣርቶ ተረጋግጦ ነበር። ለውጡ በነፃ አልመጣም፤ አንዳንድ ድርጅቶች ከአሮጌው ወደ አዲሱ ለመሻገር ዓመታት ፈጅቶባቸዋል። አሁን ደግሞ የሎዛኑ ቡድን ካፕቸር ቼኪንግ የተባለ ሥራ እየሞከረ ነው። አንድ ፈንክሽን የትኛውን መዝገብ የመንካት ሥልጣን ይዞ እንደሚዞር በዓይነቱ ላይ እንዲታይ የሚያደርግ ነው። በአጭሩ፣ በይሉኝታ የነበረውን ወደ ሕግ ማምጣት ነው። የፈንክሽናል ቤት ሰዎች ለዓመታት ያነሱት ቅሬታ መልስ ሊያገኝ የሚችለው በራሱ በታማው ሰው እጅ መሆኑ አይገርምም?

ይሳካለት አይሳካለት ጊዜ ይፈርዳል። ከተሳካም የሚሆነውን መገመት አያቅትም። ሐሳቡ በስካላ ይፈተናል፣ ተጠቃሚው ያጉረመርማል፣ ከዓመታት በኋላ በቀለለ መልኩ ሌላ ቋንቋ ውስጥ ይገባል፣ አንድ ወጣት ደግሞ ከየት እንደመጣ ሳያውቅ ስልኩ ላይ ይሠራበታል።

ስለዚህ ዛሬ ፕሮግራሚንግ የሚማር ሰው "የትኛው ጎራ ይሻላል?" ብሎ ሲጠይቅ ጥያቄውን መመለስ ጥቅም የለውም፣ ማስተካከል ይሻላል። ስለ ቦታና ስለ ኃላፊነት የሚጠይቅ ከሆነ ኦስሎዎቹ መልስ አላቸው። ስለ ስሌትና ስለ መተማመን የሚጠይቅ ከሆነ የቸርች ልጆች መልስ አላቸው። ሁለቱንም በአንድ ቤት ከፈለገ ግን ቤቱን ከመግባቱ በፊት የቤት ኪራዩን ይጠይቅ። ኪራይ የሌለው ቤት እስካሁን አልተሠራም።